የብራክንሮይዶች ድንጋይ

ተገኘ! አዎ፣ ስንት ዘመን ጠፍቶ የኖረው ቦታ ትናንት በጠራራ ፀሐይ ተገኘ! ደስታው የኔ አይደለም፣ የኢኒድ ብራክንሮይድ ነው። እኔማ ስሚዝ ነኝ፣ አንጥረኛ ማለት ነው፤ አንጥረኛ ያልነበረበት መንደር ስለሌለ የአያቶቼን አገር ፈልጉልኝ ብል ማን ይሰማኛል?

ኢኒድ በትምህርት ቤታችን ለልጆች ምሳ ስታበስል ዕድሜዋን የጨረሰች ሴት ናት። በኛ በዮርክሽር ሸለቆ ብዙ ቤተሰብ የሚጠራው ቅድመ አያቶቹ ባቀኑት መሬት ስም ነው። ሮይድ ማለት ምንጣሮ ነው፤ ብራክን ደግሞ ተራራችንን የሚያለብሰው የዱር ቅጠል። የብራክንሮይዶች ምንጣሮ ግን የት እንደነበር የሚያውቅ ጠፍቶ፣ «ከተራራው ማዶ የመጡ ናቸው» ሲባሉ ኖሩ።

ጎረቤቷ ሙሪየል ኦልድሾ ግን በስሟ በሚጠራው እርሻ ላይ ትኖራለች። በየዓመቱ ግንቦት ላይ የአጥቢያውን ወሰን በእግር ስንዞር፣ ስሙ ከቦታው የወጣ ቤተሰብ ከወሰኑ ድንጋይ ላይ ይቆማል፤ ቄሱ ይመርቁታል፤ የመጀመሪያው ቢራም የሱ ነው። ሙሪየል ትወጣለች፣ ኢኒድ ከኋላ ሆና ጥርሷን ትነክሳለች።

«ምነው እቴ፣ የናንተ ድንጋይ በእግሩ ሄደ እንዴ?» ትላታለች ሙሪየል።

ኢኒድ አንድ ቀን፣ «ቤቷን አልመኝም፣ ባሏንማ ለራሷ ያቆይላት! ያን ድንጋይ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በመዶሻ ባደቀው ደስ ይለኛል» ብላኛለች።

ዘንድሮ የአጥቢያውን ወሰን በከፊል የሸፈነው የጥድ ደን ተቆረጠ። ደኑ ከተተከለ ጀምሮ በጎኑ ስንዞረው ኖረን፣ ትናንት በጥንቱ መስመር ቀጥ ብለን ገባን። ዘጠናን ያለፉት ክሊፎርድ በትራክተር ተጎታች ላይ ተቀምጠው ይከተሉናል። ድንገት፣ «አቁም!» ብለው ጮሁና ራሳቸውን ያዙ።

«እዚህ ነው ያጋጩኝ!»

ልጅ ወሰኑን እንዳይረሳ ዘቅዝቆ ራሱን ከድንጋዩ ጋር ማጋጨት የቆየ ወጋችን ነው።

«ማን ነው ያጋጨዎት?» አሉ ቄሱ።

«አባቴ ነዋ! ‹የብራክንሮይድ ጥግ ይሄ ነው፣ ያዝ!› እያለ። ይኸው ያዝኩ!»

ቁጥቋጦውን ገለጥነው፤ ድንጋዩ ተጋድሟል። ኢኒድ እስኪመርቋት እንኳ ሳትጠብቅ ወጣችበት።

ሙሪየል ፊቷ ቲማቲም መሰለ። «ድንጋይ ብቻውን ምን ያደርጋል? የኛው ቤት አለው!»

«ቅናት ነው እቴ» አለቻት ኢኒድ ከላይ ሆና። «እኔን ጠይቂኝ፣ ሲጀምር እንዲህ ጉሮሮ ላይ ነው።»

የኢኒድ ወንድም ዶናልድ በሙሪየል ነገር ተቀይሞ ዙረቱን ከተወ ቆይቷል፤ ትናንትም አልነበረም። ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ሄጄ ልንገረው፤ የምጠብቀው አውቶቡስም መጣ፣ ሄድኩ!