«በቅርቡ» የሚባል ሰዓት የለም

ጆሮዬ በአንድ ቀን አልከዳኝም። መጀመሪያ የሕፃናት ድምፅ ራቀኝ፤ ቀጥሎ የሴቶች፤ በመጨረሻ ከሁለት ሰው በላይ የሚያወራበት ቤት ሁሉ ጫጫታ ብቻ ሆነብኝ። የመስሚያ መሣሪያ ተገዝቶልኝ ነበር። ድሬዳዋ ላይ ግን ያለ ቬንቲሌተር አይኖርም፤ መሣሪያው ደግሞ ከልጄ ድምፅ አስበልጦ የሚያሰማኝ ቬንቲሌተሩን ሆነ። ሁለት ዓመት ታገልኩትና መሳቢያ ውስጥ ከትቼው ተገላገልኩ።

ሰው ሲስቅ አብሬ እስቃለሁ፤ ግን ሁልጊዜ ዘግይቼ ነው፣ መዘግየቴም ያስታውቃል። «ምን አለ?» ብዬ ስጠይቅ አብራኝ የምትኖረው ሴቷ ልጄ «ምንም አይደል እማዬ፣ በኋላ እነግርሻለሁ» ትለኛለች። አስተማሪ ናት። ቀኑን ሙሉ ስትጮህ ውላ ቤት ስትገባ ለእኔ ደግሞ እንደገና መጮህ እንደሚደክማት አውቃለሁ። ማወቄ ግን ንዴቴን አልቀነሰውም።

ባለፈው ዓመት ነገሩ ባሰ። አዳማ የሚኖረው ወንዱ ልጄ በወር ሁለት ጊዜ መምጣት ጀመረ። ከእህቱ ጋር ሳሎን ቁጭ ብለው ያወራሉ፣ እያወሩ እኔን ገልመጥ ያደርጋሉ። ድሮ ልጆቼ እኔን የሚመለከት ነገር ሲኖራቸው ግቢ ወጥተው ነበር የሚንሾካሾኩት። አሁን እዚያው ፊቴ ተቀምጠው፣ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ እንኳ ትተው ያወራሉ። ይህ ነው ያቃጠለኝ። «አዳማ» የሚለውን ከወንዱ አፍ ሁለት ሦስቴ ለቀምኩ፤ «ቤቱን» የሚለውን ከሴቷ ከንፈር አነበብኩ። እኔን አዳማ ወስደው ቤቱን ሊያከራዩት እንደሆነ ለመገመት ጆሮ አያስፈልግም። ግን በግምት ተነስቶ «አልሄድም» አይባልም። ስጠይቃቸው «ገና አልተወሰነም፣ ሲወሰን እንነግርሻለን» አሉኝ። እኔ ደግሞ መስማት የምፈልገው ሳይወሰን ነበር።

በዚህ መሃል ነው የልጄ የሥራ ባልደረባ፣ እሷም አስተማሪ፣ አንድ ቀን ቤታችን መጥታ ታብሌቷን ጠረጴዛው ላይ ያቆመችው። የተናገረችው ሁሉ በአማርኛ ፊደል እየተጻፈ መጣ። «ዛሬ ሙቀቱ እንዴት ነው፣ እናታችን ደህና ናት?» ይላል። ልጄ መልስ ሰጠች፣ እሱም ተጻፈ። ሁለት ሰው ሲያወራ ምን እንደተባባለ ሳልጠይቅ ካወቅኩ ስንት ዓመቴ! አለቀስኩ አልልም። ውሃ ልጠጣ ብዬ ተነሳሁ።

እኔም እኮ ታብሌት አለኝ። ወንዱ ልጄ ከስልክ ኩባንያው ሱቅ ከነሲም ካርዱ የገዛልኝ ነው፤ ሲበራ መጀመሪያ የሚመጣው የኩባንያው ዓርማ ነው። ከእንግዳችን ታብሌት ጋር ሥሪታቸው አንድ፣ ቀለማቸው ሳይቀር አንድ። የሚጽፈውን አፕ ልንጭንበት ብንሞክር ግን እምቢ አለ። አዲሱ አፕዴት ካልገባ አይሆንም አለ። አፕዴት ፈልግ ብንለው «መሣሪያዎ ወቅታዊ ነው» ብሎ መለሰልን። እንደዚህ ያለ ዓይን ያወጣ ውሸት አይቼ አላውቅም። እንግዳችን የእሷን የገዛችው ታይዋን ከምንለው ገበያ ነው፤ ስለዚህ አፕዴቱ በቀጥታ ከሠሪው ይመጣላታል። የእኔ ግን የኩባንያው ዓርማ ስላለበት መጀመሪያ ኩባንያው መርምሮ መፍቀድ አለበት።

ከልጄ ጋር የደቻቱን ወንዝ ተሻግረን ከዚራ ሰፈር ወዳለው የኩባንያው ሱቅ ሄድን። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ወጣት ደግ ልጅ ናት፤ «በቅርቡ ይለቀቃል» አለች። በወሩ ሄድን። «በቅርቡ።» በሦስተኛው ጊዜ ልጄ ትምህርት ቤት ስለነበረች ብቻዬን ሄድኩ፤ ወጣቷ አለመስማቴን ስታውቅ ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ። «እናቴ፣ ትንሽ ይታገሱ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።» ድሬ ላይ አንቱታ ብርቅ ነው። ትልቁም ትንሹም «አንቺ» እያለኝ ነው የኖርኩት፤ «እርስዎ» የሚለኝ ሰው ሊያሰናብተኝ የፈለገ ብቻ ነው። «እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ እኔ አልገኝም» ብያት ወጣሁ።

«በቅርቡ» የሚለው ቃል ለምን እንዲህ እንደሚያንገበግበኝ ልናገር። እኔ የባቡር ጣቢያ ሰው ነኝ። የድሮው ባቡር ሥራ ላይ እያለ ለገሃሬ ጣቢያ ውስጥ ትልቁን ጥቁር ሰሌዳ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። የትኛው ባቡር፣ ከየት፣ ስንት ሰዓት ይደርሳል፣ ስንት ሰዓት ዘገየ፣ ለምን ዘገየ። ባቡሩ ሁልጊዜ ይዘገያል። በሰዓቱ የገባ ቀን ተሳፋሪው ገና ቤቱ ሆኖ ያመልጠው ነበር። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ከጅቡቲ የሚመጣው መንገድ ላይ ቆመና የት እንዳለ የሚያውቅ ጠፋ። ሰው ከበበኝ። ከላዬ እንዲወርዱ ብዬ «በቅርቡ ይደርሳል» ብዬ ጻፍኩ። ሰውም እየጠበቀ እዚያው ሲሚንቶው ላይ ቀኑን ዋለ። አንዲት የታመመ ልጅ የያዘች እናት ነበረች፤ «ደረሰ ብለሽኛል» እያለች ሐኪም ቤት ሳትሄድ ዋለች። ልጁ ተርፏል፣ እግዜር ይመስገን። አለቃዬ ግን የጻፍኩትን ሲያይ ሰሌዳውን በመዳፉ ጠረገው።

«‹በቅርቡ› የሚባል ሰዓት የለም» አለኝ። «ሰዓቱን ካወቅሽ ሰዓቱን ጻፊ። ካላወቅሽ ‹አይታወቅም› ብለሽ ጻፊ። ሰው ሄዶ ይብላ፣ ሄዶ ይተኛ፣ ሌላ መላ ይፈልግ። እዚህ አንጠልጥለሽ አታውይው።»

ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ «አይታወቅም» ብዬ ስጽፍ ኖርኩ። ተሰድቤበታለሁ፣ ነጠላ ጫማ የወረወረብኝም አለ። ውሸታም ያለኝ ግን አንድ ሰው የለም።

ወንዱ ልጄ እንደገና መጥቶ ከእህቱ ጋር ከሰዓቱን ሙሉ አውርቶ በሄደ ማግስት ቀፊራ ገበያ ወጣሁ። ትንሽ ጥቁር ሰሌዳና አንድ ፓኬት ጠመኔ ገዛሁ። ማክሰኞ ጠዋት የኩባንያው ሱቅ ሲከፈት ደረስኩ። በሩ ላይ የዘበኛው አግዳሚ ወንበር አለ፣ ኒም ዛፉ ሥር፣ ጥላው ጥሩ ነው። ተቀመጥኩና ሰሌዳውን ጉልበቴ ላይ አቆምኩት። በጣቢያው የእጅ ጽሕፈቴ እንዲህ ይላል፦

የታብሌት አፕዴት። የዘገየበት ጊዜ፦ አራት ወር። ምክንያት፦ አልተነገረም። የሚደርስበት ቀን፦ አልተነገረም።

ዘበኛው ድምፁ ወፍራም ስለሆነ እሰማዋለሁ። «አዴ፣ ዋላሂ ከሥራ ታስባርሪኛለሽ» አለኝ።

«አንተን ማን ያባርርሃል? የተቀመጥኩት እኔ።»

«ይሁን አቦ፣ ጠጋ በይና እኔም ልቀመጥ» አለና አጠገቤ ተቀመጠ።

ሰው እያነበበ ያልፋል። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ቆሞ ያወራኛል፤ አለመስማቴን ያላወቀ ስለሆነ እኔም እንደሰማ ሰው ራሴን እነቀንቃለሁ። ከቢዮ አዋሌ የመጣ ነጋዴ የራሱን ታብሌት ከቦርሳው አውጥቶ አሳየኝ። የእሱም ዓርማ ያለበት ነው፣ የእሱም «ወቅታዊ ነው» ይላል። ጠመኔውን ተቀብሎኝ ከሥር «እኔም» ብሎ ጻፈ። የሚቀጥለው ማክሰኞ «እኔም» አራት ሆነ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ከሥራ ከወጣሁ ወዲህ ሰው የጻፍኩትን ቆሞ ሲያነብ አይቼ አላውቅም ነበር።

ልጄ ሰማች። ድሬ ላይ ምን ይደበቃል? «እማዬ፣ ሰው ምን ይላል? በዚህ ዕድሜሽ በር ላይ!» አለችኝ፣ ለዚህ ለዚህ ሲሆን ጮክ ብላ።

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» አልኳት።

በሦስተኛው ማክሰኞ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ወጣ። ከረባት ያሰረ፣ በዚያ ሙቀት። ፊቴ ቆሞ ብዙ ተናገረ፤ እጁ ይወራጫል፣ አፉ ይሮጣል። ሲጨርስ ጠመኔውን ሰጠሁት።

«አልሰማም» አልኩት። «ጻፍልኝ።»

ዙሪያውን አየ። ሰው ቆሟል። ሰሌዳውን አገላብጬ ባዶውን ጎን ሰጠሁት። ጎንበስ አለና «ስማችንን እያጠፉ ነው» ብሎ ጻፈ። «ከጻፍኩት ውስጥ የትኛው ሐሰት ነው?» አልኩት። የጻፈውን ጠረገና «በቅርቡ ይለቀቃል» ብሎ ጻፈ። እኔም በመዳፌ ጠረግሁት። ሳቀ ሕዝቡ፤ ሳቁን አልሰማሁም፣ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሰውየው ቀላ። «ቀኑን ካወቅህ ቀኑን ጻፍ፣ ካላወቅህም እሱን ጻፍ፣ አልቆጣህም» አልኩት። ከዚያ በትንንሽ ፊደል ጻፈ፦ «አዲስ አበባ ያለው ዋናው ቢሮ አልፈቀደም። መቼ እንደሚፈቅድ አይነግሩንም። እኛም አናውቅም።»

ተነስቼ እጁን ጨበጥኩት። በአራት ወር ተኩል ውስጥ የተሰጠኝ የመጀመሪያ መልስ ነው። ከበሩ እንድለቅ ፈልጎ ከሆነ ግን አልለቀቅኩም፤ የእሱን ጽሑፍ እንዳለ ትቼ በቀጣዩም ማክሰኞ ይዤው መጣሁ። ጆሮ ዳባ ልበስ ያሉት እነሱ ሆነው ደንቆሮ የምባለው እኔ ነኝ፤ ቢያንስ ማን ምን እንዳለ በጽሑፍ ይታይ።

አፕዴቱ የመጣው ከዚያ በኋላ አንድ ሐሙስ ጠዋት ነው። ልጄ ሥራ ላይ ነበረች። ሰሌዳዬ አምጥቶት ይሁን በራሱ ጊዜ ይምጣ አላውቅም፤ ሰው ሲጠይቀኝ ግን እኔ ነኝ ያመጣሁት እላለሁ። ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። አፑን ራሴ ጫንኩ፣ ራሴ ሞከርኩት፤ «አንድ፣ ሁለት» አልኩ፣ «አንድ ሁለት» ብሎ ጻፈ። ለማንም አልነገርኩም። ክፋት ነው? ይሁን።

ቅዳሜ ወንዱ ልጄ መጣ። ምሳ በላንና እንደ ልማዳቸው ቁጭ አሉ። እኔ ታብሌቱን የውሃው ጆግ ላይ አስደግፌ ዜና የማነብ መሰልኩ። ልጆቼ እንደማንኛውም የድሬ ልጅ አንዱን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ይጨርሱታል፤ ኦሮምኛው ሲመጣ ጽሑፉ ዝባዝንኬ ይሆናል። አማርኛው ግን ጥርት ብሎ ወጣ።

«ተከራዩ ዝግጁ ነው በሚቀጥለው ወር ይገባል ላንቺ ጓሮ ያለው ክፍል ይበቃሻል»

«ለሷ መቼ እንንገራት»

«መኪናው ከመጣ በኋላ ይሻላል አለበለዚያ ታስቸግራለች»

ይኼኛው የወንዱ ነው፤ አፉን እያየሁ ነበር። ቀጥሎ የሴቷ መጣ።

«እኔ ክፍል ውስጥ ሆኜ ሁልጊዜ እፈራለሁ ሰው በሩን ሰብሮ ቢገባ እንኳ አትሰማም ልቤ ቤት ነው የሚውለው»

ይህን ሳነብ ንዴቴ ጥሎኝ ሊሄድ ነበር። ስንት ወር እንደ ሸክም አየችኝ ብዬ የተቀየምኳት ልጅ ስትፈራ ነው የከረመችው፤ ፍርሃቷንም ለእኔ ከመንገር ይልቅ ለወንድሟ ነገረች። አሳዘነችኝ። ቤቴን ግን በእዝነት አልሰጥም።

«ልክ ነው፣ አስቸግራለሁ» አልኩ ጮክ ብዬ።

ሁለቱም ደነገጡ። ታብሌቱን አዙሬ አሳየኋቸው። ሴቷ ልጄ አንብባ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። እጇን ያዝኩና «የበሩን ነገር እኔና አንቺ እንመክርበታለን፤ ለእኔ ነበር መንገር» አልኳት። ወንዱ ከድንጋጤው ሲመለስ ታብሌቱን አንስቶ እንደ ማይክራፎን አፉ ጋ አስጠግቶ መናገር ጀመረ፤ ለእኔ ደህንነት እንደሆነ፣ አዳማ የልጅ ልጆቼ እንዳሉ፣ እኔን ሳያይ፣ ታብሌቱን እያየ።

ከእጁ ወስጄ ጠረጴዛው ላይ መለስኩት።

«እኔን እያየህ ተናገር» አልኩት። «እሱ ይጽፋል። የምመልስልህ እኔ ነኝ።»

ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ። ትልቅ ሰው ሆኗል፣ ጢሙ ሸብቷል፤ ፊት ለፊት ካየሁት ቆይቻለሁ። አፉ ተንቀሳቀሰ፣ ፊደሉም መጣ። «እማዬ አዳማ መሄድ ትፈልጊያለሽ» ይላል። በዚያ ሁሉ ወር ማንም ያልጠየቀኝ ጥያቄ ነው።

«አልፈልግም» አልኩት።