ባልና ሚስት ያፋታሁበት ቃል

ዛሬ ጣና ላይ የሃምሳ ዓመት ትዳር በአንድ ቃል አፈረስሁ።

በጀልባ ወደ ገዳም የተሻገርሁት ለአዛውንት እንግሊዛውያን ባልና ሚስት ላስተረጉም ነው። የገዳሙ መሪጌታ ስለ ትዳራቸው ሲጠይቋቸው ሰውየው በእንግሊዝኛ፣ "ሃምሳ ዓመት ክሊቭ አድርገናል" አሉ።

ይህን የድሮ ግስ የማውቀው እንጨት ሲፈለጥ ነው። ስለዚህ "ሃምሳ ዓመት ተለያይተን ኖርን ይላሉ" ብዬ ተረጎምሁ።

መሪጌታ ደነገጡ። "በል ቁጭ ይበሉ በላቸው፣ እናስታርቃቸዋለን!" ብለው ሽማግሌ ሊያስጠሩ ተነሡ። ሴትዮዋ ግራ ገብቷቸው የባላቸውን እጅ ያዙ።

ያን ጊዜ ጠረጠርሁና ስልኬ ላይ ያለውን መዝገበ ቃላት ከፈትሁ። ለካ ክሊቭ መፍለጥም ነው፣ መጣበቅም! በድሮው እንግሊዝኛ ባል ከሚስቱ ጋር ሲጣበቅ የሚባለው እሱው ነው። (አስተርጓሚ ነኝ ባይ!)

እያፈርሁ ለሁሉም ነገርኋቸው። ባልና ሚስቱ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

መሪጌታ ግን "ምን ይገርምሃል?" አሉኝ። "የእኛስ 'ቀረ'? ትንሽ ዳቦ ቀረ ስንል ዳቦው አለ። ሠርጉ ቀረ ስንል ሠርጉ የለም።"

ዕድሜዬን ሙሉ ስናገረው ልብ ብዬው አላውቅም።

እናንተስ እንዲህ ሁለት ተቃራኒ ነገር የተሸከመ ቃል አጋጥሟችኋል? ያሳፈራችሁ ከሆነማ አትደብቁኝ።