ስም አልጠራሁም

ሁሉን ያመጣብኝ የድርቆሽ ሽታ ነው። ባለፈው መስከረም፣ የአዲስ ተማሪዎች ምዝገባ ላይ ተቀምጬ ፎርም ስቀበል፣ ጎምዘዝ ያለ፣ በርበሬና ቅቤ የነካው የደረቀ እንጀራ ሽታ በበሩ ገባ። ሌላው ሰው ሲሸተው ይርበው ይሆናል። እኔ ግን፣ ልንገርሽ፣ ድርቆሽ በሸተተኝ ቁጥር አፍራለሁ። እንዲህ ሳፍር ሃያ ዓመት ሊሆነኝ ነው።

አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርን፣ እዚሁ ጎንደር። አባቴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ስለነበር ቤታችን ውስጥ ጡብ የሚያህል የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ነበር፤ የእያንዳንዱን ቃል ዘር እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥር። እኔ ከሱ እየቀዳሁ ሐሙስ ሐሙስ በዕረፍት ሰዓት፣ በትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ «የቃል ታሪክ» የሚባል ዝግጅት አቀርብ ነበር። ድምፅ ማጉያው ግቢው መሀል ካለው ጽድ ላይ ታስሯል። ስናገር ድምፄ እስከ አስፋልቱ ይሰማል። ጉራዬን አትጠይቂኝ።

መጀመሪያ ላይ ማንም አይሰማኝም ነበር። ስለ አበባና ስለ ወራት ስም ሳወራ ግቢው ይንጫጫል፣ ኳሱ ይመታል። አንድ ቀን ግን በአጋጣሚ ስለ አንድ የስድብ ቃል አወራሁ፤ ግቢው ጸጥ! ከዚያ በኋላ ማን ይመልሰኝ? ሴሚስተሩን ሙሉ ንቀትና ውርደት ብቻ ሆነ ሥራዬ። ዲስግሬስ ማለት ሞገስን ማጣት ነው፣ ከጌታ ፊት መውደቅ። ስኮርን ማለት ማላገጥ ነው፤ ቀንድ ከመስበር ጋር የሚያዛምዱትም አሉ። ኢግኖሚኒ ማለት ደግሞ ሰውን ስም ማሳጣት ነው እል ነበር፣ ያለ ስም ማስቀረት። ልጆቹ ያጨበጭባሉ። እኔም የገባኝ መስሎኝ እናገር ነበር።

ዴስክ የምትጋራኝ ልጅ ከጠዳ ወደ ውስጥ በእግር ሁለት ሰዓት ከሚያስኬድ ገጠር የመጣች ናት። ከሁለት የአገሯ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ቅዳሜ ቤተሰቧ ዘንድ ትሄዳለች፤ እሑድ ከሰዓት ማዳበሪያ ከረጢት ሙሉ ስንቅ ተሸክማ ትመለሳለች። ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሽሮ። ሳምንቱን ሙሉ የምትበላው እሱኑ ነው። እኔ ከቤት ያመጣሁትን ዳቦ ስሰጣት እሷም ከደብተሯ ሥር በፌስታል የቋጠረችውን ድርቆሽ ትዘረጋልኛለች። «ብዪ እንጂ፣ ሸጋ ነው፤ እናቴ ናት የሠራችው» ትለኛለች። እውነትም ሸጋ ነበር። እየተሽቀዳደምን ነበር የምንጨርሰው።

እንግሊዝኛዋ ከኔ ይበልጥ ነበር። ይህን ዛሬ በቀላሉ እናገረዋለሁ፤ ያኔ ግን ብሞት አልናገረውም።

አንድ ረቡዕ፣ ለነገ የማቀርበውን አነበብኩላት። ሼም የሚለው ቃል፣ አልኳት፣ ከመሸፈን የመጣ ሳይሆን አይቀርም ይላል መጽሐፉ። ሳቀች። «ምነው፣ እኛስ ብንሆን? ስናፍር ነጠላችንን ወደ ፊታችን አይደል የምንስብ?» አለችና የነጠላዋን ጫፍ ይዛ አፏን ከልላ አሳየችኝ። ዓይኖቿ ብቻ ቀሩ፣ እየሳቁ።

በማግስቱ ይህንኑ እንደራሴ አድርጌ በድምፅ ማጉያ ተናገርኩት። የእንግሊዝኛ መምህራችን፣ ሚኒ ሚዲያውን የሚቆጣጠረው እሱ ነበር፣ ክፍል ውስጥ ተማሪው ሁሉ ፊት አመሰገነኝ። «ይቺ የነጠላዋ ነገር ከመጽሐፍ አይደለችም፤ ከየት አገኘሻት?» አለኝ። «አስቤ ነው» አልኩት። እሷ አጠገቤ ተቀምጣለች። ከኋላችን የሚቀመጥ አንድ ቀልቃላ ግን ረቡዕ ዕለት ሰምቶን ኖሮ፣ «ኧረ ቲቸር፣ እሷ ናት ያለቻት!» ብሎ ጉዴን አወጣው። መምህሩ አልተቆጣኝም። «በቃ፣ ከሚመጣው ወር ጀምሮ ዝግጅቱን እሷ ትያዘው» አለ።

ማይኩን ልቀማ ነው! አሁን ሲነገር ያስቃል፤ ምን ነበረ እሱ፣ ሽቦው የሚንቃቃ አሮጌ ማይክራፎን። ያን ጊዜ ግን ዓለሜ እሱ ነበር። እሷ ደግሞ ይባስ ብላ፣ «አብረን ብንሠራውስ? አንቺ መጽሐፉን ታመጫለሽ፣ እኔ አገሩን እጨምርበታለሁ» አለችኝ። ቅን ልጅ ነበረች እኮ። እሺ አልኳት፤ ሆዴ ግን ቂም ቋጥሯል።

የመጨረሻዋ ሐሙሴ ደረሰች። የመረጥኩት ቃል ቪለን ነበር። ዛሬ ክፉ ሰው ማለት ነው፣ አልኩ፤ ፊልም ላይ የምናየው ተንኮለኛ። ድሮ ግን እንዲያው የጌታውን መሬት የሚያርስ ገበሬ ማለት ነበር። ጌቶቹ ይሸታል እያሉ፣ ነገር አይገባውም እያሉ፣ ሲንቁት ሲንቁት ስሙ ስድብ ሆኖ ቀረ። እዚህ ላይ ቢበቃኝ ምን ነበረበት! ምላሴን በቆረጠው ኖሮ። ወረቀቴ ላይ የሌለውን ጨመርኩ፦ «እኛም ግቢ አሉ፤ እሑድ ማዳበሪያ ተሸክመው የሚገቡ፣ ሰኞ ክፍላችንን በድርቆሽ የሚያጥኑ ቪለኖች!»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። በመስኮት አየኋት። ቧንቧው ጋ ጎንበስ ብላ ውኃ ስትጠጣ ነበር። ቀና አለች፤ አገጯ ላይ ውኃው ይንጠባጠባል፤ ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞሯል። ነጠላዋን አልሳበችም። ድምፅ ማጉያውን አየችው።

ከዚያ ቀን ወዲያ ቪለን ሆነች። የጥሪው ወረቀት ላይ ካልሆነ በቀር በስሟ የሚጠራት ጠፋ። ጥያቄ ለመመለስ ስትነሳ ከኋላ በሹክሹክታ ቪለን ይሏታል፤ በር ላይ ይሏታል፤ የሷው ዓይነት ስንቅ የሚበሉት እንኳ ከነሱ ይራቅ እንጂ ብለው ይሏታል። ማይኩን አልይዝም አለች። ቀጥሎ ማዳበሪያውን ተወችው። እሑድ እሑድ ባዶ እጇን ትመለስ ጀመር፣ ከተማው እንዳያያት። ስንቅ የሌላት ልጅ ከየት አምጥታ ትበላለች? ፊቷ ገረጣ፤ ጉንጯ ጎደጎደ። ዳቦዬን ከደብተሯ ላይ አስቀምጥላታለሁ፤ ስመለስ እዚያው ነው። ይቅርታ ማለት እኮ አንዲት ቃል ናት። ያን ሁሉ የቃል ዘር የምቆጥር ልጅ እሷን ማውጣት አቃተኝ።

አንድ ሰኞ ቀረች። ማክሰኞም። መምህሩ አስጠራኝና፣ «ያንቺ ሥራ ነው» አለኝ።

«ስም አልጠራሁም ቲቸር» አልኩት። እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ፣ ያ ቀጭን ድምፄ።

«አልጠራሽም» አለ። «የነበራትን ስም ነው የወሰድሽባት። ኢግኖሚኒን ያስተማርሽን አንቺ አይደለሽ እንዴ? በይ ሂጂ፣ ከቤቷ አምጫት።»

ሄድኩ። ያከራየቻት ሴትዮ በር ላይ ጌሾ ታሰጣ ነበር። «አዪ፣ እሷማ ሄደች» አለችኝ። «ትናንት ብርድ ልብሷን ጠቅልላ ሄደች። ምን ሆና ነው? ተጣልታችኋል እንዴ?» አላውቅም ብዬ ተመለስኩ። አላውቅም! እስከ ጠዳ እኮ የአንድ ሚኒባስ መንገድ ነበር። ከዚያ የሁለት ሰዓት እግር። አልሄድኩም። ነገ እሄዳለሁ፣ ቅዳሜ እሄዳለሁ ስል ፈተና ደረሰ። አለፍኩ፤ ተማርኩ፤ ይኸው የእንግሊዝኛ መምህርት ሆኜ እንጀራዬን የምበላው በዚያው በእንግሊዝኛ ነው።

እና ባለፈው መስከረም ሽታው ገባ። ከሽታው ኋላ አንዲት ገጠር ቀመስ እናት፣ ትከሻዋ ላይ ማዳበሪያ፣ አጠገቧ ዘጠነኛ ክፍል የምትገባ ልጅ። ፎርሙን አስጠጋሁና ሳላያት፣ «የእናት ስም?» አልኩ።

ነገረችኝ። እስከ አያቷ። እስክሪብቶዬ ቆመ። ስሟን ላንቺ አልነግርሽም፤ አንድ ጊዜ ሳትፈቅድ አደባባይ አውጥቻታለሁ፣ ይበቃል።

«ይቅርታ መምህርት፣ እርስዎ ድሮ ሚኒ ሚዲያ ላይ ይናገሩ አልነበር?» አለችኝ። ዓይኔን ባነሳ ጊዜ «እርስዎ» ማለቱ ጠፋ። «በድምፅሽ እኮ ነው ያወቅሁሽ። መልክሽማ ተለውጧል።»

እሷ ፈገግ አለች፣ ለወቀሳ አልነበረም፣ እግዜር ያያል። ማዳበሪያውን ከትከሻዋ አወረደች። «እንግሊዝኛው ሁሉ ጠፋብኝ» አለች። «ያን ያህል ወድጄው፣ አሁን አንዲት ቃል ብቻ ናት የቀረችኝ። የትኛዋ እንደሆነች ታውቂያለሽ።»

አወቅሁ፤ ቪለን። እንባዬ እንዲያው ዱብ ዱብ አለ፣ ፎርሙ ላይ፣ ስሟ ላይ። ወላጁ ተሰልፏል፤ ተማሪው በመስኮት ያያል። ጃኬት ነው የለበስኩት፤ ፊቴን የምሸፍንበት አልነበረኝም። «ይቅር በዪኝ» አልኩ፤ መሰማቱን እንጃ።

«ኧረ ተይ፣ ልጆቹ ያዩሻል» አለች። ጠረጴዛውን ዞራ መጣችና የነጠላዋን ጫፍ በሁለት እጇ ዘርግታ፣ በኔና በሰልፉ መሀል ቆመች። አልቅሼ እስካበቃ ድረስ እንደዚያው ይዛልኝ ቆየች። ነጠላዋ ድርቆሽ ይሸት ነበር።