ዋና ልብስ

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ወልጄ፣ ትልቅ ሰው ሆኜ ነው፤ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ ልጄን አዝዬ። ስለዚህ አነባለሁ፣ ግን ቀስ ብዬ ነው፤ ምስር እንደሚለቅም ሰው ፊደሉን አንድ በአንድ እያነሳሁ። ልጄ ይህን ስለምታውቅ ወረቀት ስትተውልኝ በትልልቁ ነው የምትጽፈው። ያን ሰሞን የጻፈችልኝም እንደዚያው ነበር። የደብተር ገጽ ነው፤ አሁንም ሳጥኔ ውስጥ አለ።

ልጄና ባሏ ሁለቱን ልጆች ይዘው ሞምባሳ ሊሄዱ ተነስተው ነበር። ለሥራ አይደለም፣ ለሕክምናም አይደለም፣ ለመዝናናት ነው። በእኛ ቤት ለመዝናናት ብሎ ከአገር የወጣ ሰው አላውቅም። አማቼ ዱከም ፋብሪካ ነው የሚሠራው፤ ጎህ ሲቀድ በሚኒባስ ሄዶ ሲመሽ የሚመለስ፣ ልጆቹን በደንብ የሚያያቸው እሁድ እሁድ ብቻ የሆነ ሰው። የዓመት ዕረፍቱን ሳይወስድ አጠራቅሞ አጠራቅሞ፣ ዘንድሮ ከልጆቼ ጋር ነው የምጨርሰው አለ። እኔም ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ።

ሞቃት አገር ነው ሲሉኝ ግን ሳቅሁ። የናዝሬት ሰው ሙቀት ፍለጋ ድንበር ይሻገራል እንዴ? በሚያዝያ የቤታችን ቆርቆሮ እንደ ፈንዲሻ ሲንጣጣ፣ አቧራው ከነፋሱ ጋር ገብቶ ጥርሳችን ላይ ሲንቀጫቀጭ፣ ያን ጊዜ ቢጠይቁኝ ሙቀቱን እዚሁ እሰጣቸው ነበር። አማቼ የዚያኛው ሙቀት እርጥብ ነው፣ ያልባል ብሎ አስረዳኝ። የእኛው ምን ያደርጋል ታዲያ፣ ያበርዳል? አልኩት። እሱ ሲስቅ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ነው የሚነቃነቀው።

ልጄ ቀን ቀን ሥራ ላይ ስለሆነች ሻንጣውን የማሰናዳቱ ነገር ለእኔ ተሰጠኝ። ሳሎን ምንጣፉ ላይ ሻንጣውን ዘረጋሁና ወረቀቱን ይዤ ተቀመጥኩ። ቀጫጭን ልብስ፣ ኮፍያ፣ ነጠላ ጫማ፣ የፀሐይ ቅባት፣ የሆድ መድኃኒት። ወረቀቱ ላይ የሌለም ጨመርኩ፤ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ትንሽ ሽሮ። ትልቋ የልጅ ልጄ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ አጠገቤ ቆማ ስታየኝ ቆየችና ሆቴሉ ቁርስ እንዳለው፣ በሶ ይዘን ብንገኝ ሙድ እንደሚያዝብን ነገረችኝ። ይያዝ አልኳት፤ ወንድምሽ ምግቡ አልጥም ብሎት ሲያለቅስ ያን ጊዜ እናያለን።

ከወረቀቱ ታች በኩል ሌላ መስመር አለ። ጣቴን እያስኬድኩ አነበብኩት። የልጆች ዋና ልብስ።

ዋና ማለት እኔ የማውቀው የበላዩ ነው፣ ትልቁ። ዋና በር፣ ዋና መንገድ እንደሚባለው። ስለዚህ ቁም ሣጥኑን ከፍቼ የልጆቹን ዋና ልብስ አወጣሁ፤ የልጅቷን ጥልፍ ቀሚስ ለጥምቀት ያሰፋንላትን፣ የትንሹን ነጭ እጀ ጠባብ፣ የሁለቱንም ነጠላ። እንዳይጨማደድ በላስቲክ ጠቅልዬ ከሁሉ በላይ አስቀመጥኩት። ሰው አገር ሲኬድ እንዲህ ነው፣ ተከብሮ ነው የሚኬደው ብዬ ልቤ ሞላ።

ልጄ ከሥራ ተመልሳ ሻንጣውን ከፈተችው። ከዚያ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ መሳቅ ጀመረች።

"እማዬ፣ ዋና ልብስ እኮ ነው ያልኩሽ።"

"ታዲያ ዋናውን አይደለም እንዴ ያስገባሁት? ከዚህ የሚበልጥ የላቸውም።"

"የውኃ ዋና፣ እማዬ። ለባሕሩ።"

መንገድ ላይ ገዝታ የመጣችውን ላስቲክ ከቦርሳዋ አወጣችና አሳየችኝ፤ የሁለቱም አለበት። የትንሹ ሰማያዊ ቁምጣ ናት፣ ዓሣ የተሳለባት። ልጁ ከእጇ ነጥቆ ደረቱ ላይ ለካት። ሰባት ዓመቱ ነው።

እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ሳቅሁ መሰለኝ። ከዚያ ሽሮው ላይ ክዳን አላደረግኩበትም ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። ሽሮው ክዳን ነበረው።

አሁን የምጽፈው እስከዚያ ሰሞን ለማንም ያልነገርኩትን ነው። ያኔ ናዝሬት አልመጣንም፤ ዝዋይ ነበርን፣ ዛሬ ባቱ የሚሏት። ባሌ ልብስ ሰፊ ነበር። ከልጄ በፊት ወንድ ልጅ ነበረን፣ እሱም ሰባት ዓመቱ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልብስ ይዘን ሐይቁ ዳር ወርደን እናጥባለን፤ የሰፈሩ ሴቶች ሁላችንም እንዲያ ነበርን። ያን ቀን እሱም ተከትሎኝ መጣ። አንሶላ ስፈትግ ቆይቼ ቀና ስል ቁምጣውና ሸሚዙ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አጣጥፎ ነው ያስቀመጣቸው፣ አባቱ እንዳስተማረው። እኔ ምን መሰለኝ፤ እንዳጥብለት የሰጠኝ መሰለኝ። እሱ ከእኩዮቹ ጋር ደንገሉ ውስጥ የሚሯሯጥ መሰለኝ። አነሳሁና አጠብኩት። ኮሌታውን ሳይቀር ፈትጌ አጠብኩለት። ሣር ላይ አስጥቼ ወደ አንሶላዬ ተመለስኩ።

ልብሱ ደረቀ። እሱ አልመጣም።

ዓሣ አጥማጆች ናቸው በማግስቱ ያወጡት። አንዱ ሽማግሌ የአርሲ ሰው ናቸው፤ አማርኛ ብዙም አይችሉም፣ አጠገቤ ተቀምጠው "ኦብሲ፣ ኦብሲ" ይሉኝ ነበር፤ ቻይው ማለታቸው ነው። እስከ ዛሬ አንድ ሰው ኦብሲ ሲል ስሰማ ዞር እላለሁ።

ከዚያ በኋላ ሊያጽናናኝ የመጣ ሁሉ አንድ ጥያቄ ነበረው። በክፋት አይደለም። አንቺስ የት ነበርሽ ይሉኛል። የት ነበርኩ? እዚያው ነበርኩ። ልብሱን እያጠብኩ ነበር። ባሌ ይህን ስጠየቅ የምሆነውን እያየ ቆየና ቤታችንን ነቅሎ ናዝሬት አመጣኝ፤ ሐይቅ የማይታይበት ከተማ ነው የመረጠልኝ። እዚህ ሰው ስለ ልጅ ሲጠይቀን እኔ አፌን ሳልከፍት እሱ ይቀድመኝ ነበር። አንድ ነበረን፣ ወባ ወሰደብን ይል ነበር። ወባ የወሰደውን ልጅ እናቱን የት ነበርሽ የሚላት የለም። ነፍሱን ይማረውና፣ ሲዋሽ የሰማሁት ይህንኑ ብቻ ነው፣ እሱም ለእኔ ብሎ።

ልጃችን ከሁለት ዓመት በኋላ ተወለደች። ስሟን አልጽፈውም፤ ምትክ ማለት ነው ትርጉሙ። ስለዚህ ከእሷ በፊት ሰው እንደነበረ ስሟ ራሱ ይነግራታል፤ እንዴት እንደሞተ ግን የምታውቀው የአባቷን ወባ ነው። እንግዲህ ሶደሬ ከእኛ ከተማ ቅርብ ነው፤ የናዝሬት ልጅ ሁሉ ሶደሬ ሄዶ ነው ዋና የሚማረው። እኔ ከለከልኳት። አንዴ ከትምህርት ቤት ልጆች ጋር ሳትነግረኝ ሄዳ፣ ፀጉሯ እንደረጠበ ስትመለስ መታኋት። ክፉኛ ነው የመታኋት። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም። ከዚያ ወዲህ ውኃ የሚባል ነገር ጠይቃኝ አታውቅም፤ ዋና ሳታውቅ አርባ ዓመት ሊሞላት ነው። አማቼ ይዋኛል፤ ግን አንድ ሰው ነው፣ ልጆቹ ሁለት ናቸው። ልጄ ባሕሩ ዳር ቆማ አንዱ ቢንሸራተትባት እጇን ከመዘርጋት በቀር የምታደርገው የለም። እንዲህ ያደረግኳት እኔ ነኝ።

ያን ሌሊት ያቺን ሰማያዊ ቁምጣና የልጅቷን የዋና ልብስ ከሻንጣው አውጥቼ ፍራሼ ሥር ከተትኩ።

በማግስቱ ቤቱ ተገለበጠ። ልጄ ሻንጣውን ሁለቴ አራገፈችው። እኔ አላየሁም አልኩ። ትንሹ እህቴ ናት የደበቀችብኝ አለ፣ ከዚያ በፊት ጫማውን ደብቃበት ታውቃለች። ልጅቷ እኔ አይደለሁም ብትል ማን ይመናት፤ እናቷ ተቆጣቻት፣ ስልኳን ነጠቀቻት። ልጅቷ እኔን አየችኝ። ያየችኝ አውቃ ይሁን ሳታውቅ እንጃ። እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝና የሻንጣ ሚዛን ልዋስ ብዬ ጎረቤቴ ዘንድ ሄድኩ።

ጎረቤቴ ሱቅ ያላት የወሎ ሴት ናት፣ ሃያ ምናምን ዓመት አብረን ኖረናል፤ የእሷን ረመዳንና የእኔን ሁዳዴ አንዳችን ለአንዳችን እየጠበቅን። ሚዛኑን አውጥታ ሰጠችኝና ፊቴን አይታ መልሳ ተቀበለችኝ። ነገርኳት። በዚህ ከተማ የነገርኳት የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት።

"ይሄ እኮ መርዶ ነው፣ እህቴ" አለችኝ። "ወንድሟን ሳትረዳ የኖረች ልጅ ናት። መርዶ ደግሞ በጠዋት ነው፣ ሰው ባለበት። ብቻሽን እንዳታደርጊው፤ እኔ እመጣለሁ።"

መጣችም። ገና ሰማዩ ሲገረጣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ደጃችን ቆመች። እንግዲህ ሰው እንዲያ ለብሶ በዚያ ሰዓት ሲመጣ ለምን እንደመጣ የማያውቅ የለም። ልጄ በር ከፍታ ስታያት ግድግዳውን ያዘች።

"ማን ነው? እትዬ፣ ማን ሞተ?"

ጎረቤቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔ "ወንድምሽ" አልኳት።

"ወንድሜማ... ድሮ አይደለም እንዴ?"

"ድሮ ነው። አልነገርንሽም እንጂ።"

ከዚያ ነገርኳት። ድንጋዩን፣ ልብሱን፣ ሁሉንም። አማቼ ድምፃችንን ሰምቶ ወጣና መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ልቅሶ ቤት እንደሚቀመጥ ሰው። ልጄ ስንት ዓመቱ ነበር ብላ ጠየቀችኝ። ሰባት አልኳት። ልጆቹ የተኙበትን በር አየች። ከዚያ አለቀሰች። ለማታውቀው ወንድሟ፣ ያን ሁሉ ዘመን እዚህ ቤት ሳይለቀስለት ለኖረ ልጅ፣ ወንድሜ ወንድሜ እያለች አለቀሰችለት፤ ጎረቤቴም አብራት። እኔ እንባ አልመጣልኝም። የምጠብቀው ሌላ ነበር፤ የት ነበርሽ የምትለኝን እጠብቅ ነበር። አልጠየቀችኝም። ይልቅ እንዲህ አለችኝ፦

"ስለ ሶደሬ የመታሽኝ ቀን እኮ፣ በሰው ቦታ የመጣሁ ስለሆንኩ ነው የምትጠዪኝ ብዬ ነበር።"

ይህን ስትለኝ እንባዬ መጣ።

ቆይታ ደግሞ ልብሱን ምን አደረጋችሁት አለች። ለብሶት ተቀበረ አልኳት። ታጥቦ ነበር።

አማቼ ጉዞው ይቅር ካላችሁ ይቀራል፣ ልጆቹንም ውኃ ዳር አላደርሳቸውም አለ፣ በቀስታ፣ እኔን እያየ። ልጄም እኔን አየች። ልጆቹ ተነስተው በሩ ላይ ቆመዋል፤ ትንሹ ዓይኑን እያሸ ነው። ጉዞው ይቅር ማለት በእጄ ነበር። አንዲት ቃል ነበረች። ግን እናታቸውን ያሳደግኩበትን መንገድ አሰብኩ። ተነስቼ ገባሁ፣ ከፍራሼ ሥር አወጣኋቸው፣ ልጅቷን ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ከዚያ የልጁን ቁምጣ ጭኔ ላይ አጣጥፌ ሻንጣው ውስጥ በእጄ አስገባሁት። እንዲሄዱ ፈልጌ ነው አልልም። ሻንጣውን ጎረቤቴ ያመጣችው ሚዛን ላይ ስንሰቅለው ኪሎው አልፏል፤ በሶውና የጥምቀቱ ልብስ ወጡ።

ሄዱ። ቤቱ ጭር አለ። ቆርቆሮው ሲንጣጣ ብቻዬን ሰማሁት።

በሦስተኛው ቀን ፊት በሚያሳየው ስልክ ደወሉልኝ፤ ጎረቤቴ መጥታ ያዘችልኝ። ባሕሩ ማለቂያ የለውም። ነገሩ ደስ ይላል፣ ለምን እዋሻለሁ፤ ትንሹ ከአባቱ ጋር ውኃ ውስጥ ሆኖ እማማ፣ እማማ እይኝ ይላል፣ እህቱም ትረጨዋለች። ልጄን አጣኋት። እናትሽ የት አለች አልኩ። ልጅቷ ስልኩን ከአባቷ ወስዳ ከውኃው ወጣችና ወደ እናቷ አዞረችው። ልጄ አሸዋው ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች፣ እንደለበሰች፣ ላብ በላብ ሆና። የልጆቹ ሸሚዝና ቁምጣ ተጣጥፎ ጭኗ ላይ ነው፤ በሁለት እጇ ይዛዋለች። ዓይኗ ከውኃው አይነሳም።

"ልጄ" አልኳት፣ "ልብሱን መሬት አስቀምጪው እስቲ። እጅሽ ይረፍ።"

"ይሁን፣ እማዬ" አለችኝ፣ ሳትዞር። "አይከብደኝም።"