አራት ጆንያ የአደራ ዘር

ሰሞኑን ዴራ ካለ አንድ የገበሬዎች ማኅበር ደውለውልኝ ነበር። እነሱም ሲስተም ሊያስገቡ ነው። "አንቺ አልፈሽበታል፤ ምን ምን ላይ እንጠንቀቅ?" አሉኝ። ብዙ ቀባጠርኩ። ስልኩን ስዘጋ ግን ምን እንዳልኳቸው ለራሴም ግራ ገባኝ፤ ምክንያቱም እኔ ያለፍኩበት ነገር ምን እንደሆነ እስካሁን በቅጡ አልገባኝም።

ያኔ አሰላ ውስጥ በአንድ የገበሬዎች ዩኒየን የመረጃ ሠራተኛ ነበርኩ። ግዢውን፣ መጋዘኑን፣ ሽያጩንና ደመወዙን አንድ ላይ የሚያስተዳድር ሶፍትዌር ከአዲስ አበባ ሲመጣ፣ "እሷ ኮምፒውተር ትችላለች" ተባለና ኃላፊነቱ እኔ ላይ ወደቀ። የምችለው ደብዳቤ መጻፍና ትንሽ ኤክሴል ነበር፤ ግን ማን "አልችልም" ይላል?

ስልጠናው ሁለት ቀን ፈጀ። አሰልጣኙ ትሑት ወጣት ነው፤ ምሳሌዎቹ ግን በሙሉ የጫማ ነበሩ። ጫማ ይገባል፣ ጫማ ይወጣል፣ አርባ ሁለት ቁጥር አለቀ። እኛ የምንሸጠው ገብስና ስንዴ ነው። እህል ይደርቃል፣ ይነቅዛል፣ አይጥ ይበላዋል። ይህን የት እንደምናስገባው ስጠይቀው "እሱ በኋላ ይስተካከላል" አለኝ። የመጋዘኑ ኃላፊ፣ ጡረታቸው የደረሰ ሽማግሌ፣ ከኋላ ተቀምጠው ሁለቱንም ቀን ዝም ብለው ዋሉ። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ማንም ምንም አልጠየቃቸውም።

ሲስተሙ ሊጀምር ሦስት ቀን ሲቀረው ሮቤ ያሉ እህታቸው አረፉና ጋሼ ለቅሶ ሄዱ። የቀረን ሥራ ቆጠራ ነበር፤ መጋዘን ውስጥ ያለውን እህል ሁሉ ቆጥሮ ማስገባት። "እስኪመለሱ ብንጠብቅስ?" ብል ሥራ አስኪያጁ "እንግዶች ተጠርተዋል፤ ቀኑ አይለወጥም" አሉኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም አልተከራከርኩም። ጆንያ ለመቁጠር ምን ሊቅ ያስፈልጋል ብዬ ነው።

ገብሱን ስንቆጥር አንድ ጥግ ላይ አራት ጆንያዎች አገኘሁ። የሌሎቹ አፍ በማሽን የተሰፋ ነው፤ የእነዚህ ግን በቃጫ ገመድ ታስሮ ሦስት ጊዜ ተቋጥሯል። ዝርክርክነት አልወድም፤ ደሜ ፈላ። ጫኝና አውራጆቹን "ፍቱና እንደ ሌላው ስፉት" አልኳቸው። አንዱ "ይሄ እኮ ጋሼ የሚያውቁት ነው" አለኝ። "ሁሉም የዩኒየኑ ነው" አልኩት። ሰፉት፤ ከሌላው ጋር ደረደሩት። እኔም "ገብስ፣ መቶ ሃያ" ብዬ መዘገብኩ።

በሦስተኛው ቀን እንግዶቹ መጡ። ሥራ አስኪያጁ የመጀመሪያውን የወጪ ትእዛዝ በእጃቸው ተጫኑ፤ መቶ ሃያው ጆንያ አዳማ ወደሚገኝ አንድ የበሶ ፋብሪካ ተጫነ። ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ዜሮ ሲሆን መጋዘኑ ውስጥም አንድ ጆንያ ገብስ አልቀረም። አንድም ስህተት አልነበረም። ሁላችንም አጨበጨብን፤ ከሁሉም በላይ ያጨበጨብኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

በነጋታው ጋሼ ከለቅሶ ተመለሱ። በቀጥታ ወደዚያ ጥግ ሄዱ።

"ልጄ፣ እዚህ የነበሩት የታሰሩት የት ገቡ?"

"ፈትተን እንደ ሌላው ሰፋናቸው ጋሼ። ትናንት ተጫኑ።"

ሚዛኑ ላይ ቁጭ አሉ። "የእኛ እኮ አይደሉም" አሉኝ።

ያኔ ነው የነገሩኝ። ቤቱ ነቀዝ ያስቸገረው ገበሬ ዘሩን እሳቸው ዘንድ ያስቀምጣል። ደረሰኝ የለም፤ የእያንዳንዱ ሰው ምልክት ቋጠሮው ነው። ሦስት ቋጠሮ ከሳጉሬ ወዲያ ያለ የአንድ ገበሬ ምልክት ነው። ጎረቤቶቹ ሁሉ ወደ ስንዴ ሲዞሩ እሱ ብቻ የአባቱን ነጭ ገብስ ሳይለቅ ቀረ። ያ ዘር ሌላ ማንም ጋ የለም።

"ታዲያ ለምን የመጋዘኑ መዝገብ ካርድ ላይ አልጻፉትም?"

"አደራ ይጻፋል እንዴ?"

"ለእኔስ ለምን አልነገሩኝም?"

"ማን ጠየቀኝ?" አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የእውነት ነበር የጠየቁኝ።

ፋብሪካው ጋ ደወልኩ። ተቆልቷል አሉኝ። አሰልጣኙ ጋ ደወልኩ፤ አደራ የት እንደሚመዘገብ ልጠይቀው።

"ሰውየውን ደንበኛ አድርጊው" አለኝ።

"ምንም አይገዛም።"

"እንግዲያው አቅራቢ ነው።"

"ምንም አይሸጥም።"

"ታዲያ እናንተ ጋ ምን ይሠራል?"

ስልኩን ዘጋሁት። እሱን ሳዳምጥ እሱ ልክ ነው፤ ጋሼን ሳያቸው እሳቸው ልክ ናቸው። ስክሪኑም ልክ ነው። የተሳሳተ ሰው ፈልጌ ፈልጌ ራሴ ላይ ስደርስ ቶሎ ብዬ አልፈው ነበር።

ሰኔ ገብቶ ገበሬው መጣ። አይሱዙ ላይ ቦታ ለምኖ፣ ባዶ ገመድ ትከሻው ላይ ጥሎ። በሃምሳዎቹ ያለ ረጅም ሰው ነው። ጥጉን አየና ወደ ጋሼ ዞሮ "ሰኚን ኮ ኤሰ?" አላቸው። ዘሬ የት አለ ማለቱ ነው።

እኔ ወረቀት ይዤ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ጋሼ እኔን አላዩኝም።

"በላሁት" አሉት። "አደራህን የበላሁት እኔ ነኝ።"

አደራ ጥብቅ ነው፣ ሰማይ ሩቅ ነው ይባላል። በዚህ አገር ሽማግሌ ከሚናገረው ቃል ሁሉ 'አደራ በላሁ' የሚለው የመጨረሻው ክፉ ነው። "እኔ ነኝ" ማለት ሲገባኝ ወረቀቴን ማጠፍ ያዝኩ። ፈራሁ፤ አፈርኩም። ሥራ አስኪያጁ ወጥተው ምርጥ ዘር በምትኩ እንስጥህ አሉት። "እሱን ዓምና ጎረቤቴ ሞክሮ ውርጭ ጨረሰው" አለና፣ ጋሼን ሳይጨብጥ ሄደ። ጋሼ የዘረጉትን እጅ ኪሳቸው ከተቱት።

ሁለት ሳምንት እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። በገበያ ቀን ሚኒባስ ተሳፍሬ ሳጉሬ ወረድኩና ጠያይቄ ቤቱ ሄድኩ። የጎረቤቶቹ ማሳ ለምልሟል። የእሱ ታርሶ፣ ለስልሶ፣ ጥቁር ሆኖ ተኝቷል። አጥሩ ሥር አገኘሁትና ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኩት፤ ለቅሶውን፣ ቆጠራውን፣ ያስፈታሁትን ቋጠሮ፣ ጭብጨባውን ሳይቀር።

"ሰውየው እንዳልበላ ያን ቀንም አውቄያለሁ" አለኝ።

"ታዲያ ለምን ሳይጨብጧቸው ሄዱ?"

"እጄን ብሰጠው ያለቅስ ነበር። በዚያ ዕድሜው፣ በሰው ፊት።"

ወደ ማሳው ዞረ። ፊቱ እንደ እኔው ግራ የተጋባ ነበር።

"መንገርሽ ጥሩ ነው፣ ኢንተላ ኮ" አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው። "እንግዲህ ምን ልዝራ?"