የአክስቴ ልጅ የሞላችው ከንፈር

ከንፈሬ ስስ ነበር። ከንፈረ ስስ ምስጢር አይቋጥርም ይባላል፤ እውነት ነው፣ አልቋጥርም። ከንፈሬ ቅር ያሰኘኝ ግን የአክስቴ ልጅ ከዓረብ አገር ተመልሳ ፒያሳ አካባቢ የውበት ሳሎን ከከፈተች ወዲህ ነው። እኔና እሷ አንድ አልጋ ላይ ያደግን ነን። «አንቺን የመሰለች ልጅ በዚህ ከንፈር?» ትለኛለች ፀጉሬን እየሠራች። «ከንፈር የሚሞላ መርፌ አለ፣ ፊለር፤ ልውጋሽ። ካልወደድሽው ማሟሚያ መርፌ አለው፣ ይጠፋል።» ሌላ ሰው ቢለኝ እስቅበት ነበር። እሷን ግን አመንኳት።

መጀመሪያ አማረብኝ፤ አልዋሽም። ብዙም ሳይቆይ ላይኛው ከንፈሬ አብጦ ጠጠረ፣ ያቃጥለኝም ጀመር። ሐኪም ቤት ልሄድ ስነሳ የአክስቴ ልጅ ከቤታችን ደረሰች። እኔን ዞር ብላም አላየችኝ፤ በቀጥታ ወደ እናቴ ነው የሄደችው። እናቴ የአምባ ጊዮርጊስ ልጅ ናት፤ ድዷን በእሾህና በጥላሸት የተነቀሰች።

«አክስቴ፣ ድድሽን ስትነቀሺ አላበጠም?»

«እንዴት አያብጥ! ገንፎ መዋጥ እንኳ አቅቶኝ ነበር።»

«ይኸም እንደዚያው ነው።»

በቃ፣ ነገሩ ተዘጋ። እናቴ ወደ እኔ ዞራ «ምነው ታለቅሻለሽ? ሳያብጥ ሸጋ የሚሆን የታለ?» አለችኝ። ሊጠይቁኝ የመጡ ሴቶች ሁሉ የጠቆረ ድዳቸውን እያሳዩ አጽናኑኝ። እኔም እንደ ንቅሳት ይረጋል ብዬ ጠበቅኩ።

መግል ሲቋጥር ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙ ማሟሚያውን ወጋኝ፤ እብጠቱ ንቅንቅ አላለም።

«የሚሟሟው ዓይነት አይደለም፤ ተቆርጦ መውጣት አለበት። ምን እንደተወጋሽ ጠይቂልኝ። ካላወቅኩት ከሚገባው በላይ ልቆርጥ እችላለሁ» አለኝ።

እዚያው ደወልኩላት። የፈለግኩት የመድኃኒቱን ስም ብቻ ነበር።

«የምን መርፌ?» አለችኝ። «እኔ ፀጉር ነው የሠራሁልሽ። ስሜን እንዳታነሺ!»

ስልኩን ዘጋችው። ስትዋሽ አውቃታለሁ፤ ልጆች ሆነን እናቶቻችንን የምንዋሸው አብረን ነበር። እኔን ስትዋሸኝ ግን ያን ቀን ገና መስማቴ ነው። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ።

ሐኪሙ በግምት ቆረጠ። ከንፈሬ ወደ ግራ ተኮማትሮ ቀረ፤ ስስቅ ግማሽ ፊቴ አይስቅም። እናቴ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። እንዳትሸፍን ብለምናትም አልሰማ አለችኝ።

አባቴ ዘመድ ሰብስቦ ሲያስጠይቃት የአክስቴ ልጅ በሽማግሌዎቹ ፊት ቆመች። «ከንፈሯን ነክቼው ከሆነ የአባቴ አጥንት ይውጋኝ!» አለች። ሽማግሌዎቹ አመኗት። አንደኛው እንዲያውም ሰው በከንቱ እንዳልከስ መከረኝ።

ከረምረም ብሎ በሳሎኗ በር ሳልፍ መስታወቱ ላይ ትልቅ ፎቶ ተለጥፎ አየሁ። ፊት የለውም፤ አፍ ብቻ ነው፣ ሙሉ፣ የሚያምር። ከሥሩ «ከንፈር እንሞላለን» ይላል። ሁለት ልጃገረዶች ቆመው በአድናቆት ያዩታል። ባማረብኝ ሰሞን በስልኳ ያነሳችኝ ነው። ከከንፈሬ ሥር ያለችውን፣ ማርያም የሳመችኝን ጥቁር ነጥብ እንኳ አላጠፋቻትም።