«ካራው ደህና ነው» ያልሁ ለት

እናንተ ልጆች እዚህ ፒያሳ ሱቄ ደጃፍ ስትሰበሰቡ የምትጠይቁኝ ሁልጊዜ ስለ ጠመንጃ ነው። ምንሽር ይሻላል ወይስ አልቢን፣ ስንት እርምጃ ይደርሳል፣ አንበሳ ገድለዋል ወይ። አልገደልሁም፤ ገደልን ከሚሏችሁም ግማሾቹ ይዋሻሉ። ስለ ቢላዋ ግን አንድ ቀን የጠየቀኝ የለም። ዱር የገባ ሰው ጠመንጃውን በቀን አንዴ ቢተኩስ ነው፤ ቢላዋ ከእጁ አይወርድም። እስቲ ዛሬ ስለሱ ላውጋችሁ። አንተም ያን ሬዲዮ ቀንሰው።

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ነው። የቅበላ ሰሞን፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ አምስት ቀን ሲቀረው። ያን ሰሞን ወገራ ላይ ሥጋ ያላማረው ሰው የለም፤ ከእሑድ በኋላ እስከ ፋሲካ ሁለት ወር ሊጠጋ ነው። በግ ያለው አረደ፤ እኛ ሦስታችን ድኩላ ፍለጋ ከደጋው ወደ ሸለቆው ወረድን። አንዱ አያ ታከለ ነው፤ አርባ አምስት የሚሆነው፣ በአርበኝነቱ ዘመን አምስት ዓመት ዱር ያደረ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው። ሁለተኛው የሚስቱ ወንድም ወርቁ፤ ወሬ የሚወድ፣ ጉልበቱ ግን የበሬ። ሦስተኛው እኔ ሞላ፤ ሃያ ሦስት ዓመቴ፣ ጢሜ ገና አቀምቅሞ ሁሉን አውቃለሁ የምል።

አያ ታከለ ሁለት ስለት ነበረው። አንዱ ካራ ነው፤ ክንድ ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ በቀይ ቆዳ አፎት የሚኖር፣ ለማረጃ ብቻ። ሽንኩርት እንኳ አያስነካውም። ሌላው እጀታው ከቀንድ የተሠራ ሰንጢ ነው፤ ታጥፎ ኪስ ይገባል። የዱር ኑሮው ሁሉ በዚያ ሰንጢ ነበር። ገና ከሰፈርንበት ሣር ቆርጦ መኝታችንን አነጠፈ። ደረቅ እንጨት ልጎ ልጎ እንደ ገለባ አቀጠነና በአንድ ክብሪት እሳት አያያዘ። ቋንጣ ከተፈ፣ ከወርቁ እግር እሾህ አወጣ፣ የተበጠሰ የጫማዬን ጠፍር በስቶ ቀጠለ፣ በመጨረሻም መፋቂያ ቀረፀ። ሲጨርስ ከወንዝ ያነሳው ለስላሳ ድንጋይ ላይ እንትፍ ይልና ይስለዋል። «ስትቆርጥ ወደ ውጭ ነው፤ ወደ ራስህ የምትቆርጥ ከሆነ አጠገቤ አትቀመጥ» ይለኛል። እኔ በሆዴ ‹ይህ ሰው በቢላዋ ሊያመነኩሰኝ ነው› እል ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል። አያ ታከለና ወርቁ ኮቴ ሊያዩ ወደ ምንጩ ወረዱ፤ ሰንጢውም አብሮ ሄደ። ለእኔ የተተወልኝ እሳት መጠበቅ ነው። እሳቱ ደግሞ ሊጠፋ ነው፤ የቀረው አንድ ወፍራም የወይራ ግንድ ብቻ። ጣቶቼ በድነዋል። ዞር ብል ካራው ከነአፎቱ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ማን ያየኛል አልሁና መዘዝሁት። ስለቱን ግንዱ ላይ ደግኜ ጀርባውን በድንጋይ መታሁት። ወይራ እኮ ነው! ሁለት ፍልጥ አወጣሁ፤ እሳቱም ነደደ። ካራውን ባየው ስለቱ ሦስት ቦታ ተሸርፏል፤ የቀረውም ዶልዱሟል። መሳያው ድንጋይ እግሬ ሥር ነበር፤ ግን እየሳልሁ ቢደርሱብኝ ምን እላለሁ ብዬ ፈራሁ። በቁምጣዬ ጠረግሁና አፎቱ ውስጥ መለስሁት።

አያ ታከለ ሲመጣ ፊቱ በርቷል። «አውራ ነው። ኮቴው ጥልቅ ነው፤ በጠጡም ገና ትኩስ ነው» አለ። ካራውን ከዛፉ አውርዶ ለእኔ ሰጠኝ። «እግርህ ፈጣን ነው፤ እኔ ስመታው አንተ ትደርሳለህ። ካራው ደህና ነው?»

«ደህና ነው፣ አያ» አልሁት። ይኸው ነው፤ ሦስት ቃል።

የአገራችን ልማድ መቼም አይጠፋችሁም። ክርስቲያን ጥይት የገደለውን አይበላም። ነፍሱ ሳትወጣ ደርሶ፣ በስመ አብ ብሎ ካላረደው በክት ነው፤ ለጅብ ይተዋል። ስለዚህ ተኳሹ አንድ ነው፣ ሯጩ ሌላ ነው።

ነፋሱ ከሸለቆው ወደ እኛ ይነፍስ ስለነበር ጥሩ ነበር። ችግሩ የየካቲት ቅጠል ነው፤ ደርቆ ሲረግጡት ይጮኻል። ጫማችንን አውልቀን በእግራችን ጠርዝ እየረገጥን አንድ ሰዓት ያህል ሄድን። ወርቁ እንኳ ዝም አለ። አያ ታከለ ድንገት እጁን አነሳ። ድኩላው ከቁጥቋጦው ዳር ቆሟል፤ የጠቆረ፣ አንገተ ወፍራም፣ ቀንዱ ስንዝር ተኩል የሚሆን። ምንሽሩ አንዴ ጮኸ፤ ድኩላውም ባለበት ዘፍ አለ።

«ድረስ ሞላ! ሳይሞት!»

ሮጥሁ። ተጋድሟል፤ ሆዱ ይነፋል። በግራ እጄ ቀንዱን ይዤ ትከሻውን በጉልበቴ ተጫንሁት። አያ ታከለም ደርሶ የኋላ እግሮቹን ያዘልኝ። «በስመ አብ ወወልድ» ብዬ ሳብሁ። ካራው ጠጉሩ ላይ ሸርተት አለ። ደገምሁ፤ ቆዳው አልተበጠሰም። «ቁረጥ እንጂ፣ ምነው?» አለ አያ ታከለ። ሦስተኛ ልስብ ስል ድኩላው ነቃ። አትሳቁ፤ የቆሰለ አውራ ድኩላ ሰው ይገድላል። እኔን አሽቀንጥሮ ተነሳና በአንድ አፍታ ወደ ኋላ ዞረ። አያ ታከለ ጎንበስ እንዳለ ነበር፤ ቀንዱ ጭኑ ውስጥ ገባ። እንስሳው አሥር እርምጃ ያህል ሄዶ ወደቀ፤ ማንም ስመ አብ ሳይጠራበት እዚያው ሞተ።

ደሙ እየተንፎለፎለ ነው የሚወርደው። ወርቁ «ኧረ ማርያም! ኧረ ማርያም!» ይላል፤ እኔ ካራውን እንደ ጨበጥሁ ቆሜያለሁ። የተረጋጋው የቆሰለው ብቻ ነበር። በእጁ ጭኑን ጨምቆ ይዞ «ወርቁ፣ ጩኸት ደም አያቆምም። ሞላ፣ ያን ጣልና ሰንጢውን ከኪሴ አውጣ» አለኝ። ካራውን አጠገቡ አስቀመጥሁት። ስለቱን አየ፤ ቀና ብሎ እኔንም አየኝ።

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን እሱ በቃል እየመራኝ ነው። ሱሪውን ቀደድሁ። የጋቢውን ጠርዝ ቆርጬ ከቁስሉ በላይ ጠቀለልሁና በመሐሉ እንጨት አግብቼ አጠበቅሁ። ደሙ ቀስ በቀስ ረጋ። ከዚያ ሁለት ረጃጅም እንጨት ቆርጠን ቅርንጫፉን መለመልን። ገመድ የለንም። «የግራሩን ቅርፊት ላጥ፤ ልጡ ከገመድ ይበረታል» አለ። ሰንጢውን ወደ ራሴ ስስብ አይቶ «አትቸኩል፤ ወደ ውጭ ቁረጥ» አለኝ። ያን ጊዜ እንባዬ መጣ። በልጥና በወርቁ ጋቢ ቃሬዛ ሠራን፤ ወርቁ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ዳገቱን ጀመርነው።

ጣሊያን የሠራው መንገድ እስኪደረስ ድረስ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጥታ ወደ ማዘቅዘቁ ሄደች። በየመሐሉ እናወርደዋለን፣ ማሰሪያውን ትንሽ እናላላለን፣ እንደገና እናጠብቃለን። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። እኔ ልቤ የሚመታው ‹አሁን ይሞታል፤ የገደልሁትም እኔ ነኝ› እያለ ነው። መንገዱ ላይ እህል የጫነች ማኪና አገኘን፤ ሹፌሩ እግዜር ይስጠውና ጆንያ አውርዶ ቦታ ሰጠን። ጎንደር ሐኪም ቤት ስንደርስ ሐኪሙ «ምን ሆኖ ነው?» አለ። አያ ታከለ ራሱ መለሰለት፤ «ድኩላ ነው። አልሞት ብሎ።»

ዳነ። እግሩ ግን አልታጠፍ አለው፤ ከዚያ ወዲህ እርፍም አልጨበጠ፣ አደንም አልወጣ። ክረምት ሲገባ በሬዎቹን ጠምጄ እርሻውን እኔ አረስሁለት። ሰው ሁሉ «እንዴት ያለ ሸጋ ልጅ ነው!» ይለኛል። ምስጋናው ይቆጠቁጠኝ ነበር። ሚስቱ እታለም ድንቄ ምሳዬን ማሳ ድረስ ታመጣልኛለች፤ ፊቷን ቀና ብዬ ማየት አልችልም።

ዓመቱ ዞሮ ቅበላ ደረሰ። ለንስሐ አባቴ ነገርሁ። ስግደት ያዙኛል ስል «የበደልኸው ቤት ሌላ ነው፤ መጀመሪያ እዚያ ሂድ» አሉኝ። ሄድሁ። አያ ታከለ መደቡ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል፤ እታለም ድንቄ ጥጥ ትፈትላለች። ቆሜ ተናገርሁ። ወይራውን፣ ሽርፉን፣ ‹ደህና ነው› ማለቴን፤ አንዱንም አላስቀረሁ።

እታለም ድንቄ እንዝርቷን አስቀመጠች። «እኔ ያወቅሁት ሐኪም ቤት ተኝቶ ሳለ ነው» አለችኝ። «እሱ ነገረኝ። ‹ራሱ መጥቶ እስኪነግረን አንድ ቃል እንዳታወጪ› ብሎ አስማለኝ።»

«እያወቅሽ ነው ዓመት ሙሉ ምሳ ያመጣሽልኝ?»

«ምን ላድርግ? መጀመሪያ መጀመሪያ ሳቀርብልህ ድስቱን ፊትህ ላይ በደፋሁት ያሰኘኝ ነበር። ኋላ ለመድሁት» አለች፤ እሷም አለቀሰች።

አያ ታከለ ወደ እሳቱ እያየ ነበር። «እንጨት የፈለጥህበትን አይደለም የምቆጥርብህ» አለኝ። «በርዶህ ነበር። ብትነግረኝ ግን እዚያው ቁጭ ብዬ እስለው ነበር፤ ውሃ እስኪፈላ የማይፈጅ ነገር።»

ይህን የሰማሁበት ጆሮ ዛሬም ይሞቀኛል። ውሃ እስኪፈላ! የሰው እግር ያህል ነገር ያችን ለምታህል ጊዜ ሰጠሁ። ከዚያ ወዲህ ዱር ስንወጣ አብሮኝ የሚሄደውን ሁሉ ስለ ስለቱ እጠይቃለሁ፤ ደህና ነው ያለኝንም አውጥተህ አሳየኝ እለዋለሁ። ዶልዱሟል፣ ተሸርፏል፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት ያለኝን ሰው ግን እስከ ዛሬ ተቆጥቼው አላውቅም።